ቀይ ወይንና እራት፦ ሀዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

የወይን ባለሙያ አይደለሁም፣ ሥራዬም ሌላ ነው። ግን በወር አንዴ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር እኔ ቤት ወይ አንዳቸው ቤት እንሰበሰብና ሁለት ሦስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ከፍተን፣ ከዚሁ ከሀዋሳ ገበያ በገዛነው ነገር እራት ሠርተን እንበላለን። በዚህ የተነሳ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ምን ልግዛ?» የሚል ስልክ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጥያቄዎቹ ደግሞ ያው ናቸው። አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ከዛሬ በኋላ ለሚደውልልኝ ይሄን ነው የምልከው፣ አትቀየሙኝ።

ብሌንድ የሚባለው ወይን በኮካ ነው እንዴ?

አይደለም። ይሄን የጠየቀኝ ልጅ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ እኔም አልሳቅኩበትም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ግን አይፈረድበትም፤ ነጭ ወይንን ከቢራና ከስፕራይት ጋር ደባልቀን «ቱርቦ» እያልን የጠጣን ሰዎች ነን።

ብሌንድ ቅልቅሉ ጠርሙስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለቀ ነው። የሚቀላቀለውም ወይን ከወይን ጋር ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የወይን ዘሮች ለየብቻ ይጠመቃሉ፣ ከዚያ ጠማቂው እየቀመሰ ከዚህ ይሄን ያህል ከዚያ ይሄን ያህል እያለ ያዋህዳቸዋል። አንዳንድ ቦታ ፍሬዎቹን ገና ከጅምሩ አብረው የሚጠምቁም አሉ።

አንድ ዘር አይበቃም? ለምን ያደባልቁታል? ርካሽ ስለሆነ ነው?

ይሄ «ቅልቅል ማለት የተበረዘ ማለት ነው» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወተት ሲቀላቀል ውሃ ገብቶበታል፣ ቅቤ ሲቀላቀል ሙዝ ገብቶበታል፣ ማር ሲቀላቀል ስኳር ገብቶበታል። ተጭበርብሮ የማያውቅ የለም።

ወይን ላይ ግን እስቲ በርበሬን አስቡት። በርበሬ ብለን የምንጠራው ዛላው ብቻ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ዝንጅብሉ አለ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ አለ። ዛላውን ብቻ ፈጭቶ ወጥ የሚሠራ ሰው አለ? ቢኖር ወጡ ያቃጥላል እንጂ አይጥምም። እያንዳንዱ እናት ደግሞ የራሷ መጠን አላት። ብሌንድም ነገሩ ይሄው ነው።

በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ቀይ ወይኖች ብዙዎቹ ብሌንድ ናቸው። የፈረንሳዩ ቦርዶ በዋናነት ካቤርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ ነው፤ ካቤርኔ ፍራንክ፣ ፔቲ ቬርዶና ማልቤክም ይገቡበታል። ካቤርኔው አጥንት ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ምላስ ያደርቃል፣ ቆይታው ጥሩ ነው። ሜርሎው ሥጋ ነው፣ ለስለስ ይላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ሜርሎ ቀድሞ ይደርሳል፣ ካቤርኔ ዘግይቶ። የመኸር ዝናብ አንዱን ቢመታበት ገበሬው ሌላው ይተርፈዋል። ጤፍና ማሽላ አብሮ የሚዘራ ገበሬ የሚያስበው ሐሳብ ማለት ነው።

እዚያው ፈረንሳይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሮን ሸለቆ ስትወርዱ ግሬናሽ፣ ሲራና ሙርቬድር አንድ ላይ ይመጣሉ። ግሬናሽ የበሰለ እንጆሪ የሚመስል ፍሬያማነትና ሞቅ የሚያደርግ አልኮል፣ ሲራ ቀለምና ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ቅመምነት፣ ሙርቬድር ደግሞ ጥንካሬ ይዘው ነው የሚገቡት። ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባለው እዚያው ያለ ወይን 13 ዘር ድረስ ይፈቀድለታል፤ ነጭና ቀይ መልካቸውን ለየብቻ ከቆጠራችሁ 18 ይሆናል። ደቡብ አፍሪካዎች ደግሞ ፒኖታዥ የሚባል የራሳቸው ዘር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ፒኖ ኗርንና ሳንሶን አዳቅለው ያገኙት ነው። እሱን የሚያስገቡበትን ቅልቅል ኬፕ ብሌንድ ይሉታል። እኛ ሀገር ሱቆች ውስጥ ከውጭ ከሚገቡት መሃል የደቡብ አፍሪካ ወይን ስለማይጠፋ ይሄን ስም ማወቁ አይከፋም።

ርካሽ ብሌንድ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ርካሽ ባለ አንድ ዘር ወይንም አለ።

ጠርሙሱ ላይ ብሌንድ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሁለት ወይ ከዚያ በላይ የዘር ስም ተደርድሮ ከተጻፈ አለቀ። ምንም የዘር ስም ከሌለው፣ «ቀይ ወይን፣ ደረቅ» (ደረቅ ማለት ጣፋጭ ያልሆነ ነው) ብቻ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብሌንድ ነው። አንድ የዘር ስም ብቻ ቢኖረውም መቶ በመቶ እሱ ነው ማለት አይደለም፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ 85 በመቶ፣ በአሜሪካ 75 በመቶ ከሞላ ስሙን መጻፍ ይቻላል። የቀረው ሌላ ዘር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የአልኮል መጠኑን እዩ። 12 ተኩል በመቶ እና 14 ተኩል በመቶ ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኙ ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከሀገር ውስጡ ልጀምር ወይስ ከውጭ?

ከሀገር ውስጥ ጀምሩ። ወይኑ የበቀለው እኮ መንገዳችን ላይ ነው። ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን አልፋችሁ ባቱ፣ የድሮው ዝዋይ፣ ትደርሳላችሁ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያ ሐይቁ አካባቢ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣ። ያኔ የውጭ ጋዜጠኞችን ያስገረማቸው ወይኑ ብቻ አይደለም፤ ጉማሬ እንዳይገባበት በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይም ነው። ቦርዶ ይሄ ችግር የለበትም።

ሪፍት ቫሊ የሚለው ጠርሙሳቸው የዘሩን ስም ይዞ ይወጣል፤ አካሺያ የሚለው ደግሞ ደረቅ ወይም መለስተኛ ጣፋጭ እያለ በጣዕሙ ነው የሚሸጠው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ጉደርንና አክሱሚትን፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካን ማለቴ ነው፣ አባቶቻችን ያውቋቸዋል፤ አክሱሚት ጣፋጭ ነው፣ ጉደር ደግሞ ደረቅ። ለልምምድ አንድ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ አንድ ሪፍት ቫሊ ሲራ፣ አንድ ደግሞ የዘር ስም የሌለው ደረቅ ቀይ ገዝታችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ከዚያ ትንሽ ጨዋታ፦ ሜርሎውንና ሲራውን በባዶ ብርጭቆ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉና ቅመሱት። አንድ ሦስተኛ ለሁለት ሦስተኛ ሞክሩት። አሁን ጠማቂ ሆናችኋል። ብሌንድ ምን እንደሆነ ሳብራራለት ያልገባው ጓደኛችን በዚህ ጨዋታ ነው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የገባው።

እንዴት ነው የሚቀመሰው? ብርጭቆውን ማሽከርከር ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፤ ግን ዝም ብሎ ለፉገራ የሚደረግ ነገርም አይደለም። ስታሽከረክሩት አየር ያገኛል፣ ሽታው ይወጣል። ያ እንዲሆን ብርጭቆው ከሲሶው በላይ መሞላት የለበትም። እኛ ደግሞ ለእንግዳ ጢም አድርገን ካልቀዳን ስስታም የተባልን ይመስለናል። ለወይን ይቅር በሉት፣ ደጋግማችሁ ቅዱ።

መጀመሪያ እዩት፣ ነጭ ወረቀት ወይ ሶፍት ከኋላው አድርጋችሁ። ጠርዙ ላይ ወደ ሐምራዊ ካደላ ወጣት ነው፣ ወደ ጡብ ቀለም ካደላ ከርሟል። ከዚያ አሽትቱ። ከዚያ ትንሽ ጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ሽታ ነው፤ ካላመናችሁኝ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ጎንጩና ከዋጣችሁ በኋላ ልቀቁት።

አሁን ማንም የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እኛ በእጅ ነው የምንበላው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ቤት ክትፎ ቀርቦ፣ ወይን ተቀድቶ፣ ሁሉም ሰው «ይሄ ወይን ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል» ብሎ ተስማማ። አንዱ እንደውም ሲራ እንዲህ ነው ብሎ ማብራሪያ መስጠት ጀመረ። ቆይቼ ብርጭቆዬን ሳየው አፉ ዙሪያ የአምስቱም ጣቶቼ አሻራ በንጥር ቅቤ ታትሟል። ስናሸት የነበረው ጣታችንን ነው! ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይሄ ነው፦ መቅመስ ከመብላት በፊት፣ ብርጭቆ በግራ እጅ፣ ያውም እግሩን ይዞ። የእጅ መታጠቢያው ሳሙናም ሽታ የሌለው ይሁን። ዕጣንና ቡና ደግሞ ከእራቱ በኋላ፤ ዕጣን በጨሰበት ቤት የወይን ሽታ ፍለጋ አትልፉ።

ምላሴንና ድዴን ድርቅ ያደርገዋል፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አልተበላሸም። ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ቆዳ፣ ውስጡ ካለው ትንሽ ዘር፣ ካረፈበት የእንጨት በርሜልም ይመጣል። ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው አፍ የሚያደርቀው። ያልበሰለ ሙዝ ወይ ቅጠሉ የበዛበት ጥቁር ሻይ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ፣ እሱ ነው። ይሄን ድርቀት አስታውሱት፣ የእራቱ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው፦ ቅባትና ጨው ያለሰልሱታል፣ የሚያቃጥል ነገርና ጣፋጭ ነገር ያብሱታል።

ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሀዋሳ ላይ? ይግባ። «በክፍል ሙቀት» የሚለው ምክር የወጣው ከድሮ የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤቶች ነው። ለቀይ ወይን የሚባለው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ከ25 ሲያልፍ ወይኑ አልኮል አልኮል ብቻ ይሸታል። ከመጠጣታችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ፍሪጅ አስገቡት። ከሁሉም ምክሬ በነፃ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው። መብራት ከሌለ ጨርቅ አርጥባችሁ ጠቅልሉትና ነፋስ ያለበት በረንዳ ላይ አቁሙት፣ የተወሰነ ይረዳል።

ለዶሮ ወጥ የትኛው ይሄዳል?

በጣም የሚጠየቀውም፣ በጣም ከባዱም ይሄ ነው።

«ለቀይ ሥጋ ቀይ፣ ለነጭ ሥጋ ነጭ» የሚለውን እርሱት። እሱ ሥጋው ሥጋ ሆኖ ለሚቀርብበት ሀገር የወጣ ነው። እኛ ጋ ሥጋውን ማን ያገኘዋል? የምትበሉት ድልሁን ነው፣ ቅመሙን ነው፣ ቅቤውን ነው። ስለዚህ ወይኑ የሚመረጠው ለወጡ እንጂ ለዶሮዋ አይደለም።

ለአንድ የፋሲካ ማግስት ጓደኛችን ቤት ተጠርተን አምሮብኝ ውድ የሆነ፣ 14 ተኩል አልኮል ያለው፣ ካቤርኔ የበዛበት ብሌንድ ይዤ ሄድኩ። እናቱ ዶሮውን ያወጡት ጠዋት ጀምረው ነው፤ ሽንኩርቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ቁሌት ላይ ነበር። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ። አፋችን ተቃጠለ። ወይኑ መረረ፣ ወጡ ደግሞ ከነበረው እጥፍ ፋጀ። እትዬ አንዴ ቀመስ አድርገው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉና «ይሄ ነገርህ ወጤን ነው የሚሳደበው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያጎላል፣ ታኒንም ያብሰዋል። በዚያ ላይ ለረጅም ሰዓት የበሰለው ሽንኩርት ጣፋጭ ነው፤ ከጣፋጭ ምግብ ጋር ደረቅ ወይን የበለጠ ይመራል። እንጀራው ደግሞ ኮምጠጥ ይላል፤ ኮምጣጣ ምግብ ላይ አሲዱ ያነሰ ወይን ልፍስፍስ ይላል። የእኔ ካቤርኔ በሁሉም በኩል ተሸንፏል።

ስለዚህ ለዶሮ ወጥ፦ ታኒኑ ለስላሳ፣ አልኮሉ 13 ወይ ከዚያ በታች፣ ፍሬ ፍሬ የሚል፣ ቢቻል ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ ቀዝቀዝ ያለ። ሜርሎ የበዛበት ብሌንድ ይሆናል። መለስተኛ ጣፋጭ የሆነው የሀገር ውስጡ ቀይ፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ገብቶ ሲቀርብ፣ ከብዙ ውድ ጠርሙስ ይሻላል። በዓመቱ እትዬ ቤት ያን ይዤ ሄጄ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተውልኛል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ለምን እንደሚስማማም በዚህ ይገባችኋል፤ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ቀይ ወይን አፍ አያደርቅም፣ ቀዝቃዛ ነው። አያቶቻችን ሳያነቡ አውቀውታል።

ክትፎ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋስ?

እዚህ ላይ ቀይ ወይን ቤቱ ገባ በሉት። ቅቤውና የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይይዙታል፣ ጠንካራ ያልነው ወይን እንደ ሐር ይሆናል። ለብለብ ክትፎ ከአይብና ከቆጮ ጋር፣ ካቤርኔና ሜርሎ ብሌንድ። ሚጥሚጣውን ግን ለየብቻ አቅርቡት፣ ሥጋው ውስጥ አትለውሱት፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ወይኑን መቅመስ የፈለገ ይቀንሳል። አንድ ቀን የሲዳማ ቤተሰብ ያለው ጓደኛችን ቡሪሳሜ አሠርቶ መጣ፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ ምንም በርበሬ የለበትም። ከደረቅ ቀይ ብሌንድ ጋር እስካሁን ከቀመስነው ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ በላ።

ጥብስ ከሆነ ሲራ ያለበትን ፈልጉ። የጥብስ ቅጠሉና ሲራ ይዋደዳሉ። ሲራ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ የሚሸተው ነገር ሮተንዶን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት ሲሆን፣ ራሱ ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ያለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ጥብሱ ላይ አዋዜ ከማብዛት ቁንዶ በርበሬ ነስነስ አድርጉበት።

ሀዋሳ ተቀምጠን ዓሣ ሳንበላ? ከቀይ ወይን ጋር አይሆንም?

በደፈናው አይሆንም አይባልም። አንዳንዴ ዓሣ ከቀይ ወይን ጋር አፍ ውስጥ የሚተወው ያ የሚያስጠላ የዓሣ ሽታ አለ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት እንደሆነ አሳይተዋል። ብረቱ ከወይን ወይን ይለያያል፣ ለዚህ ነው አንዱ ሲስማማ ሌላው የማይስማማው።

ከአሞራ ገደል ጠዋት የወጣ ቆሮሶ፣ ሙሉውን ተጠብሶ በሎሚና በዳጣ ከሆነ ነጭ ወይን ወይ ቢራ ይሻለዋል፣ አልዋሻችሁም። ዓሣ ጉላሽ ግን ሌላ ነው። ቲማቲሙ አለ፣ ቃሪያው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። ቀለል ያለ፣ በደንብ የቀዘቀዘ ቀይ ብሌንድ አብሮት ይሄዳል። አምባዛ ደግሞ ወፈር ስለሚልና ቅባት ስላለው ከቆሮሶ የተሻለ ቀይን ይሸከማል። ዓሣ ዱለት በሚጥሚጣ ከሆነ እባካችሁ ወይኑን ተዉት።

ጾም ላይ ሽሮ ብቻ ነው ያለኝ...

ጾም ላይ መጠጣቱን ለራሳችሁና ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። ጾም ባልሆነ ቀን ግን ተጋቢኖ ሽሮ በቅቤ፣ ፍልቅልቅ እያለ በሸክላ ሲመጣ፣ ለሜርሎ ይመቻል። ምስር ወጥ በርበሬው መጠነኛ ከሆነ ያው ነው። ጎመን ግን ወይንን መራራ ያደርገዋል።

ጣፋጭ ወይን የሚጠጣ ሰው ጀማሪ ነው ይባላል፣ አፍሬ ደረቅ ልልመድ?

ማን ነው ያለው? ከላይ የዶሮ ወጡን አንብቡት።

ኮካ ብጨምርበት ትቆጣለህ?

ብርጭቆው የናንተ ነው። ስፔኖችም ቀይ ወይን በኮካ ይጠጣሉ፣ ካሊሞቾ ይሉታል፣ አያፍሩበትም። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ለብቻው ቅመሱት። ደግሞም ለኮካ ውዱን ጠርሙስ አትክፈቱ።

የተረፈውን ስንት ቀን ማቆየት ይቻላል?

ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ከሆነ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት፣ ጠላቱ አየር ነው። ካለፈ ደግሞ ለጥብስ ወይ ለጉላሽ ጣል አድርጉት። ኮምጣጤ ከሆነ በኋላ ግን «ለምግብ ይሆናል» የምትሉትን ነገር ተዉ፣ ምግቡንም ያበላሽባችኋል።

ስገዛ የተበላሸ እንዳይሸጡልኝ ምን ልይ?

ጠርሙሱ የቆመበትን ቦታ እዩ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ፣ ከሌላው ቦታ በርከስ ያለ የውጭ ብሌንድ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ሁለት ገዛሁ። ማታ ስንከፍተው ቡሹ ወደ ላይ ገፋ ብሏል፣ ከሥሩ ወይን ወጥቶ ደርቋል፣ ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ ነው። ሁለቱም እንደዚያው። ስንት ወር የከሰዓት ፀሐይ እንደበላው ፈጣሪ ይወቀው። ስመልሰው ባለሱቁ «ወይን ሲቆይ አይደል እንዴ የሚጥመው?» አለኝ። ሲቆይ የሚጥመው ጥቂቱ ነው፣ እሱም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ሲቆይ። ብዙው ወይን በተገዛ ሰሞን እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ስለዚህ መስኮት ላይ የቆመ አትግዙ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ከፍ ያለም አትግዙ። ቤት ስታስገቡት ደግሞ ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ አርቃችሁ፣ ቡሽ ያለውን አጋድማችሁ አስቀምጡ። እርጥብ ካርቶን ወይ የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው ያበላሸው፣ ጤና አይጎዳም ግን አይጠጣም። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ ይሄ ችግር እምብዛም አይገጥማችሁም፤ የሚጠመዘዝ ክዳን የርካሽ ምልክት ነው የሚለውንም ተዉት።

ለስድስት ሰው ስንት ጠርሙስ?

750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ አምስት መጠነኛ ብርጭቆ ይወጣዋል። ለስድስት ሰው ከእራት ጋር ሁለት ይበቃል፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን። ውሃ በጎኑ ይቅረብ፣ ጠዋት ራስ ምታቱን ሊያቀልላችሁ ይችላል።

የማይጠጣ እንግዳ ደግሞ ሁሌም አለ። ሀዋሳ ላይ ጴንጤ የሌለበት ገበታ ማግኘት ይከብዳል፣ ሙስሊም ጓደኛም አለን፣ ነፍሰ ጡርም ትኖራለች፣ መኪና የያዘም አለ። ብርዝ አዘጋጁ፣ በዚያው ባማረው ብርጭቆ ቅዱላቸው፣ «ለምን አትጠጣም» ብላችሁ አትነዝንዙ። ትንንሽ ወንድሞቻችሁን ሱቅ ልካችሁ አታስገዙ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል።

ቡሽ መክፈቻ የለኝም! እንግዶቹ ደርሰዋል!

ይሄ ጥያቄ ሁሌ የሚመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በጫማ ግድግዳ ላይ የሚመቱበትን ቪዲዮ አታስታውሱ፣ አንድ ጓደኛችን ሞክሮት ግድግዳው እስካሁን ሐምራዊ ነው። ጎረቤት ጠይቁ። ከጠፋ የእንጨት ማማሰያውን እጀታ በደንብ አጥባችሁ፣ ጠርሙሱን መታጠቢያው ውስጥ አቁማችሁ፣ ቡሹን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ልብስ ላይ ስለሚፈናጠር ነጭ አትልበሱ። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ወደ ጆግ አጥልላችሁ ገልብጡትና ጆጉን ገበታው ላይ አቅርቡ። እንግዶቹ ሆን ብላችሁ አየር እንዲያገኝ ያደረጋችሁት ይመስላቸዋል።